ጠዋት ከታየች ከሰዓት

በፎገራ ሜዳ በዓል የሚከበረው በሬ ባለመጥመድ ነው። ሚካኤል ሲሆን፣ ማርያም ሲሆን፣ ሰንበትም ሲሆን ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን ተከናንቦ ከአጥሩ ሥር ይቀመጥና ከብቶቹን ያያል። በሥራ ቀን ለማየት ጊዜ የለውም። በበዓል ግን ረጋ ብሎ ያያል፤ የትኛዋ እንዳነከሰች፣ የትኛዋ እንደከሳች፣ የትኛዋ የሩዝ ገለባዋን ትታ እየጮኸች በጓደኞቿ ጀርባ ላይ እንደምትንጠላጠል ያያል። ያችን የምትንጠላጠለዋን ባየ ጊዜ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና ወረታ ላለው ለየኔነህ ይደውላል።

ስለዚህ አገር ሁሉ በሚያርፍበት ቀን የማያርፍ አንድ ሰው ወረታ ውስጥ ነበረ።

የኔነህ ላም ያዳቅላል። በሞተር ሳይክሉ ኋላ፣ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭጋግ የሚወጣው ጋን አስሮ ከመንደር መንደር ይዞራል። በጋኑ ውስጥ ከተመረጡ ኮርማዎች የተወሰደ ዘር በብርድ ተኝቷል። ኮርማ የፈለገች ላም ስትገኝ ደርሶ ያንን ዘር በጥንቃቄ ያኖርላታል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ጥጃ ይወለዳል። ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር እንዳልሆነ ሺህ ጊዜ ተናግሮ ሲሰለቸው ተወው። ሥራውን ይወደዋል። እሱ ያዳቀላት ላም ስትወልድ ማየት የቻለ ቀን፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እንደደረቀበት እያፏጨ ነው ቤቱ የሚገባ።

ክፋቱ፣ ላም ቀጠሮ አትሰጥም። ኮርማ የምትፈልግባት ሰዓት ካለፈች ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ገበሬ የኔነህ የሚሠራበት ቢሮ ድረስ መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት «ደወልሁ፤ ዘገየ፤ ላሜ ሰዓቷ አለፈባት» ብሎ ከሰሰው። የቢሮው ኃላፊ በመነጽራቸው በላይ አሻግረው ብቻ አዩት። ያ አስተያየት ከየኔነህ ሆድ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ይነሳል። ይሮጣል።

ሚስቱ ፀደይ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ ወረታ የቀረችው በእሱ ምክንያት ነው። ልጃቸው መባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም የየኔነህን መነሳት ለመዱት። ሳህኑን ከድነው ያስቀምጡለታል፤ ሲመለስ ቀዝቅዟል፤ ቢሞቅም አይበላውም። እያደር ግን መነሳቱ ብቻ አልሆነም። ተቀምጦም ልቡ ሌላ ቦታ መሆን ጀመረ። ስልኩ ሳይጮህ የጮኸ ይመስለዋል። ፀደይ ስታወራው ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ጆሮው ኪሱ ላይ ነው። ደረቱን አንድ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ልቡ ያለ ሩጫ ይሮጣል።

የገና ዕለት ሦስቱም ማዕድ ቀርበው፣ መባ አባቷን ልታስቀው ብላ የስልኩን ጥሪ በአፏ አዜመችው። አሳምራ ነው ያስመሰለችው። የኔነህ ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ተነሳ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ነገሩ ሲገባው «ሁለተኛ እንዳትደግሚ!» ብሎ ጮኸባት። መባ እጇን ከሳህኑ አንስታ እናቷን አየች። ከዚያን ቀን በኋላ በቤቱ ውስጥ ማዜም ተወች።

ከሳምንት በኋላ እሁድ ጠዋት ስልኩ ጠፋ። የኔነህ አልጋውን ገለበጠ፣ ጃኬቱን አራገፈ፣ ላብ በላብ ሆነ። ሲፈልግ ሲፈልግ ያገኘው ከሩዙ ጆንያ ውስጥ፣ ፍሬ ለብሶ ነው። ሰባት ጊዜ ተደውሏል።

«ማን ነው እዚህ የከተተው?»

መባ ከበሩ ጀርባ ሆና «እኔ ነኝ» አለች። «ሩዝ ውስጥ ከሆነ አይሰማም ብዬ።»

«ለምን?»

«እንድትበላ።»

የኔነህ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ተወው። ከጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና ስልኩን ይዞ ሩዝ ሩዙን ከሽፋኑ ይለቅም ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፀደይ ያንን እጅ አይታ፣ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አስማለችው።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ አየው፤ ከዚያ ሲስተር ይርገዱ ወደ ክፍሏ ወሰደችው። ይርገዱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ጎልማሳ ሴት ናት።

«ልብህ ደህና ነው» አለችው። «እስቲ ልጠይቅህ። እንቅልፍስ?»

«አለ። ስልኩ የጮኸ እየመሰለኝ እነቃለሁ እንጂ።»

«ሳይጮህ?»

«ሳይጮህ።»

«እሁድ ምን ትሠራለህ?»

የኔነህ ሳቀ። «እሁድማ ዋናው ገበያዬ ነው።»

ይርገዱ አልሳቀችም። «እኔም ቤት አንዲት ላም አለች። አንድ ቀን ሳላልባት ብውል ጡቷ ያብጣል። በቀን አምስት ጊዜ ባልባት ደግሞ ትደማለች። አንተን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያልቡህ?»

የኔነህ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

«የያዘህ ጭንቀት ነው» አለች። «እንደ ወባ በሽታ ነው፤ ከዚህ ሜዳ ሰው ወባ ያልያዘው ማን አለ? ወባ ሲይዝህ አፍረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው በዚህም አትፈር። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣህ ታወራኛለህ። አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ከሚስትህና ከልጅህ ጋር ዋል። ሳትሮጥ።»

የኔነህ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ እንዲህ ያለ ቀን መቼ እንደነበረ ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ብቻውን ቀርቶ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። አምስት መስመር ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራበት ነገር በአምስት መስመር ማለቁ ገረመው። አጥፎ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተውና ማታ ፀደይ ደብተር ስታርም አጠገቧ አስቀመጠው። እሷ አነበበችና ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ለቅቀህ ምን ትሠራለህ?»

«አላውቅም። እንዲህ ሆኜ ግን መቀጠል አልችልም። ሥራው ወይ እኔን ይጨርሰኛል ወይ እናንተን ያሳጣኛል።»

«ጥጃ ሲወለድ አይተህ የመጣህ ቀን ፊትህ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም» አለች ፀደይ። «የማየው እኔ ነኝ። እሱን ሰውዬ መልሰህ ብታመጣልኝ ከሥራህ ጠብ የለኝም።»

ደብዳቤውን አጥፋ ከጃኬቱ ኪስ መለሰችው።

«ልጅቱን ወንዛዬ ፍል ውኃ ውሰዳት» አለች። «ከፋሲካ ጀምሮ ቃል ገብተህላታል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ እንጂ። እሁድ ሦስታችንም እንሂድ። ቢደወልም አትሩጥ። ያችን አንድ ቀን ከቻልህ፣ ሥራህንም እኛንም ይዘህ የምትኖርበት መላ አይጠፋም። ካልቻልህ ሰኞ ደብዳቤውን ራሴ ይዤልህ እሄዳለሁ።»

የዐሥራ አንድ ዓመቱ ሥራ እንዲህ ሆኖ በአንዲት እሁድ ላይ ተንጠለጠለ።

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ሜዳው ደርቆ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ ከብቱ ከአጨዳ በተረፈው ቆረን ላይ ተለቋል። ሦስቱ በጠዋት ተነስተው ሚኒባስ ያዙ፤ ከመኪናው ወርደው ባጃጅ ተሳፈሩ፤ የቀረውን በእግር ሄዱ። የኔነህ ስልኩን ሊያጠፋው ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስት ጊዜ እጁ እምቢ አለው። ደብዳቤው ከጃኬቱ ውስጥ፣ ከደረቱ ላይ፣ በተራመደ ቁጥር ኮሽ ይላል።

ወንዛዬ ደርሰው እንፋሎቱ ከሩቅ ሲታይ መባ «ውኃው ተጥዷል እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ወገባቸውን ሊያስታምሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሰምተው «አዎ፣ እግዜር ጥዶት የረሳው ነው» አሏት። የኔነህ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ሳቁን ራሱ ሰማው፤ የቆየ ወዳጅ ድምፅ ነበር የሚመስለው። ጃኬቱንና ስልኩን ለሚስቱና ለልጁ ሰጥቶ ወንዶች ወደሚታጠቡበት ወረደ።

ሙቁ ውኃ እስከ አንገቱ ሲደርስ ትከሻው በራሱ ጊዜ ወረደ። ዓይኑን ጨፈነ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ጥርት ብሎ ሰማው። ልቡም አንዴ ደነገጠ። ግን ስንት ወር ሙሉ በሌለ ጥሪ ሲባንን ኖሮ ስለለመደው፣ «ያ የውሸቱ ነው» አለ በሆዱ፤ ሲስተር ይርገዱም ይኸ የጭንቀቱ ሥራ መሆኑን ነግራዋለች አይደል። አላመነውም። ጭራሽ ውኃውን በእጁ ዘግኖ ፊቱን ታጠበበት።

ጥሪው ግን የእውነት ነበር።

የሆነውን ኋላ ፀደይ ነች የነገረችው። ስልኩ ሲጮህ እሷ እጇን ከመዘርጋቷ መባ ቀድማ አነሳችው።

«ሃሎ!»

«ዶክተር?»

«እኔ መባ ነኝ። ዶክተሩ እየታጠበ ነው።»

«አዬ! በይ ማረው ነው በይው። ቡሬዋ ላም ኮርማ ፈልጋለች፣ አሁኑኑ ድረስ ብሎሃል በይው።»

አያ ማረውን ቤተሰቡ ያውቃቸዋል። ከከተማው በሞተር ሳይክል ግማሽ ሰዓት ርቆ ካለ መንደር ያሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው የሚደውሉ፣ ከሁሉ አጥብቀው የሚያስቸኩሉ።

«መቼ ታየች?» አለች መባ።

«ኧ?»

«ላሟ! ጠዋት ነው የታየች ማታ?»

«ዛሬ ነዋ፣ ጎሕ ሲቀድ።»

መባ ተማሪ ቤት ፊደል በምትቆጥርበት ዜማ «ጠዋት ከታየች ከሰዓት፣ ማታ ከታየች በነጋታው!» አለች።

«ይኼን ማን ነገረሽ?»

«አባዬ። ተኝቶም ይለዋል።»

«ተኝቶም?»

«አዎ። ስለዚህ ከሰዓት ይመጣል። እኔ ገና አልታጠብሁም።»

«እሽ፣ ዶክተሪት» አሉ አያ ማረው። «ተራሽን ታጠቢ። ከሰዓት እጠብቃለሁ።»

የኔነህ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ሲመለስ መባ ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ደረቱን ያ የታወቀው ነገር ጨምድዶ ያዘው። ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰ። የአንድ እግሩን ጫማ አጥልቆ ሌላውን ሲፈልግ፣ ፀደይ ጃኬቱን ዘርግታ ሰጠችው። በውስጡ ወረቀቱ ኮሽ አለ። የኔነህ ቆመ። ከዚያ ባንድ እግሩ ጫማ እንደተጫማ ቁጭ ብሎ ደወለ።

«አያ ማረው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅ ናት፣ እኔ አሁን—»

«ምን አስቸኮለህ አንተ?» አሉት። «ነግራኛለች እኮ። ስማኝማ ዶክተር። ሁለት ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ደወልሁልህ። ሁለት ጊዜ ጤዛው ሳይረግፍ እያለከለክህ ደረስህ። ሁለት ጊዜም ቡሬ ሳትይዝ ቀረች። እኔማ ላሚቱ መካን ናት ብዬ ልሸጣት ነበር። ይኸ ከታየች በኋላ መቆየቱ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ የኔነህ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አንተስ ታውቀው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ምን ያሮጥሃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ! በል ልጅህን እጠብ። ዛሬ በዶክተሪት ቃል እንየው።»

ስልኩ ተዘጋ። የኔነህ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ሥልጠና የገባ ጊዜ መጀመሪያ የተማረው ትምህርት ነው። ላሚቱ ፍላጎቷ እንደታየ ወዲያው ከተዳቀለች ዘሩ ጊዜው ሳይደርስ ይሞታል፤ ጠዋት የታየችዋ እስከ ከሰዓት በኋላ ትቆይ፣ ማታ የታየችዋ እስከ ጠዋት ትደር። እንዳይረሳው በቃሉ ሲደጋግመው ኖሯል፤ ለካ በእንቅልፉም። ግን ያ በመነጽር በላይ ያየው ዓይን ከትምህርቱ በልጦበት ነበር። ገበሬው «አሁን ና» ሲለው «ቆይ» ማለት ፈራ። ትጋት ይመስለው የነበረው ነገር ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ የቤቱን ማዕድ ሲያፈርስ ኖሮ፣ ለላሞቹም አልበጀም።

«ሌላኛው ጫማህ ይኸው» አለች ፀደይ።

«አውልቂልኝ ይኸንንም» አላት።

መባ ከእናቷ ጋር ታጥባ ጉንጯ ቀልቶ ተመለሰች። ዳቦአቸውን ቆርሰው፣ ዓሣ ጥብሳቸውን በሎሚ አጣጥመው በሉ። የኔነህ ሳይነሳ ጨረሰ። መባ የአባቷን እጅ ከሳህን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሳህን በዓይኗ ስትከተል ቆይታ «በላ!» አለች ለእናቷ፣ እሱ የማይሰማ ይመስል።

በዘጠኝ ሰዓት ወረታ ገቡ። በዐሥር ሰዓት የኔነህ ጋኑን አስሮ ከአያ ማረው ደጅ ደረሰ። ፀሐይዋ ወደ ጣና ዘቅዝቃ ሜዳውን አሙቃዋለች። ቡሬ ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስትራገጥና ስትወራጭ እንጂ እንዲህ ስትቆም አላያትም። ሥራውን ሠራ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አያ ማረው አንድ ቅል እርጎ ሰጡትና እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሙ፤ እሱም እስኪጨርስ ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት ፀደይ ጃኬቱን እያየች «ደብዳቤውን የሚወስደው እኔ ነኝ አንተ?» አለችው።

«ማናችንም» አላት። ደብዳቤውን ግን አልቀደደውም። ከመባ የክትባት ካርድ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አኖረው። እዚያ እንዳለ ማወቁ፣ ይዞት ከመዞሩ ይልቅ ቀለለው።

ያን ዕለት ለሥራ ባልደረባው ለአያልነህ ነገሩን ሁሉ አወራለት። አያልነህ ሌሎቹን ቀበሌዎች የያዘው አዳቃይ ነው፤ ቀልደኛ ነው፤ ለየኔነህ ምንም የማይነካው ሰው ይመስለው ነበር። አያልነህ አዳምጦ አዳምጦ ዓይኑን አሸ።

«አንተዬ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ! የእኔ ስልክ ሲጮህ እኮ ሚስቴ ነች የምታማትበው።»

«ወንፈል እንግባ» አለው የኔነህ። በፎገራ ሰው የጎረቤቱን ማሳ አርሞ፣ ጎረቤቱ ደግሞ የእሱን ያርምለታል፤ ይኸ ነው ወንፈል። «አንድ እሁድ የእኔንም ቀበሌ አንተ ያዝ። በሚቀጥለው የአንተንም እኔ።»

ለኃላፊው አብረው ገብተው ነገሩ። የኔነህ ያንን በመነጽር በላይ የሚመጣ ዓይን ጠበቀ፤ መጣም። ነገር ግን ልብ ብሎ ሲያይ፣ መነጽራቸው ሰፍቷቸው እየተንሸራተተ ነው እንጂ ሰውየው ማንንም፣ በሩንም ግድግዳውንም የሚያዩት እንዲያው ነው። «ላሞቹ ከያዙ እኔ ምን አገባኝ» አሉ። የኔነህ ሁለት ዓመት ተሸክሞት የኖረው ዓይን ይኸው ብቻ ነበር።

አያ ማረው ደግሞ በፊናቸው በደብራቸው ሰንበቴ ላይ፣ ጠበሉ ተቀምሶ ሰው ሲያወጋ፣ «ዶክተሪት ያለችውን ስሙ» ብለው ለመንደሩ አስተማሩ። ሃያ አንድ ቀን አለፈ፤ ቡሬ አልጮኸችም። በሦስተኛው ወር የኔነህ መርምሯት «ይዛለች» ሲል፣ ሽማግሌው ሰማዩን አይተው ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ የሚደውል ገበሬ አስቀድሞ «ጠዋት ነው የታየችው» ይል ጀመር። ሁሉም አይደለም። «አሁኑኑ ድረስ» የሚልም አልጠፋም፤ የኔነህንም አንዳንዴ ያ ነገር ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሲስተር ይርገዱ ዘንድም ይሄዳል። እሷም «ስንቴ አለቡህ?» እያለች ትጠይቀዋለች፤ የሚነግራት ቁጥር እያነሰ መጥቷል። መባም ማዜም ጀምራለች፤ የስልኩን ጥሪ ጭምር።

በጥቅምት፣ የሩዙ ዛላ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ተራው የአያልነህ ነበር። የኔነህ የመባን ጫማ እየቦረሸ በሌላው እጁ አነሳው።

«እንዴት አደሩ አያ ማረው።»

«ደህና፣ ይመስገን። አንተን አይደለም፤ ዶክተሪትን አቅርብልኝ።»

መባ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ቡሬ ወለደች!» አሉ፤ ድምፃቸው ለሁሉም ይሰማል። «ሴት ጥጃ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ወንዛዬ ብያታለሁ። መጥተሽ እያት እንጂ!»

የኔነህ ልቡ መታ። ብሩሹን አስቀምጦ ሊነሳ ሲል ልጁን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«መቼ ወለደች?» አለች መባ።

«ጠዋት ነዋ!»

«እንግዲያው ከሰዓት እንመጣለን።»

ፀደይ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳህን ይዛም ተመለሰች። ምሳቸውን በልተው ሄዱ።